የሰዒድ ላስት ወርድ

«አልተቀበልኩህም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ተቀብለኸኛል። በእጅህ ነው የሰጠሁህ። ሐሙስ ነበር። ቢጫ ሹራብ ለብሰህ ነበር፤ እዚህ ጋ፣ ክርኑ ላይ ተተርትሯል።»

«የስንት ዓመት ሹራብ ነው የምታስታውሰው አንተ ሰውዬ?»

«አንተ አታስታውሰውም?»

ሹራቡን አስታውሰዋለሁ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ በሠላሳ አምስት ብር የገዛሁት ነው፤ ክርኑ የተተረተረው ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ስለምጽፍ ነበር። ሰዒድ እንድሪስ ከመስታወቱ ባንኮኒ ማዶ ቆሟል። ስሙንና መሐንዲስ መሆኑን ሲገባ ነግሮኛል። ዕድሜው እንደኔ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ ጫማው ላይ ከሚፈርሰው ካዛንቺስ ይዞት የመጣው አቧራ አለ። አንድ የድሮ የምረቃ መጽሔት ባንኮኒው ላይ ገልጦ አስቀምጦ፣ ሌባ ጣቱን ከአንድ ፎቶ ሥር ተክሎ አላነሳ ብሏል። ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ልጅ ድምፃችንን ሰምታ «እመለሳለሁ» ብላ ወጥታለች።

«በቃ፣ ማለቴ… ወረቀት ይጠፋል» አልኩት። «መቶ ሃምሳ ሰው ነበር እኮ ወረቀት የሚያመጣልኝ።»

«ጠፋ ነው፣ አልመጣም ነው የምትለው? አንዱን ምረጥ።»

በግቢ ልማድ እያንዳንዱ ተመራቂ በመጽሔቱ ላይ ከፎቶው ሥር የሚያኖራት ሁለት ሦስት መስመር አለች። «ላስት ወርድ» ትባላለች፤ በአማርኛ ሲጠራት የሰማሁት ሰው የለም። አንዱ እናቱን ያመሰግናል፣ አንዷ ዶርሟን ትሰናበታለች፣ አንዱ የካፌውን ሽሮ ይራገማል። ሰዒድ ጣቱን ከተከለበት ፎቶ ሥር ያለችውን ላስት ወርድ፣ የቤት ኪራይ ውል እንደሚያነብ ሰው በደረቁ አነበበልኝ።

«ሌክቸሩን ረሳሁት፣ ፈተናውም አለፈኝ፤
ከአረቄ ቤት ደጃፍ፣ ዲግሪዬ ነው ያገኘኝ።»

«እኔ አረቄ ቀምሼ አላውቅም» አለ ሲጨርስ። «ከወሎ የመጣሁ፣ የሼህ የልጅ ልጅ ነኝ። ይኼን ማን እንደ ጻፈው እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ አላውቅም ነበር።»

ባለፈው ማክሰኞ የሆነው ይኼ ነው። የዚያ ባች ልጆች ከዓመታት በኋላ ሊገናኙ ድግስ አስበዋል፤ መጽሔታቸውንም እንደገና ሊያሳትሙ እኔ ጋ አምጥተውታል። ያመጣው ያኔም የመጽሔቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ብሩክ ነው። ብሩክ ይቺን ግጥም ፎቶ አንሥቶ የቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ለጠፋት። «የባቹ ምርጥ ላስት ወርድ! የጻፈው ካዛንቺስ የነበረው የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ሔኖክ ነው፤ አሁን ኡራኤል ነው ያለው። በአዲሱ እትም ስሙን ከሥሯ እናኖርለታለን» ብሎ። ሊያከብረኝ ነው፤ እኔንም ግሩፑ ውስጥ አስገብቶኛል። ለሦስት ቀን ስልኬን እየከፈትኩ ሳቃቸውን ስቆጥር ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ሰዒድ በሩን ከፍቶ ገባ።

መጽሔቱ ከቀለሙ ጋር ያኔ የያዘውን ሽታ ይዟል። ሙጫና የሞቀ ቶነር፣ ትንሽም የእርጥብ ካርቶን። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ከኡራኤል ተነሥቼ፣ አሁን ወደሌለው የካዛንቺስ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ከተደረደሩት ክፍሎች ሦስተኛው ነበር። በአንድ በኩል ልብስ ሰፊ፣ በሌላው ፀጉር ቤት፤ ከፊት ለፊት ከቀትር ጀምሮ ስፒከሩን በር ላይ የሚያወጣ ቡና ቤት። ያን ክረምት ቡና ቤቱ አንዲት ዘፈን ይዞ አልለቅ አለ። ዘፈኗ ክራር ትመስልና መሐሉ ላይ በድንገት ወደ ጭፈራ ትዞራለች፤ እሷ ስትዞር እኛ ሠራተኞቹ ሳናውቀው በኮምፒውተሩ ላይ ፈጥነን እንተይብ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሃምሳ ሳንቲም። ማኪያቶ አምስት ብር። ሳምቡሳ አንድ ሃምሳ፣ ዳጣ ካስጨመርክ ግን ሴትየዋ ታኮርፋለች። ከካዛንቺስ እስከ ግቢው በር ድረስ ታክሲ አንድ ብር ከአርባ፤ ረዳቱም አሥር ሳንቲሟን አይመልስም። ዛሬ ያ መንገድ ሰፍቶ ዛፍ ተተክሎበታል፤ ሣሩን አትርገጡ የሚል ሰሌዳም ቆሟል። ልብስ ሰፊው የት እንደ ደረሰ አላውቅም።

እኔ ተማሪ አልነበርኩም። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም። የተማርኩት የሰው ቴሲስ እየተየብኩ ነው። ከአንዱ ሶሺዮሎጂ፣ ከሌላው ሕግ፣ ከአንዷ ስለ ላም ማለብ ሠላሳ ገጽ። የአብዛኞቹን መደምደሚያ ግን አላውቅም፤ ምዕራፍ አምስትን የምትተይበው ከጎኔ ያለችው ልጅ ስለነበረች። ማታ ቤቴ ስገባ የተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ የግቢ መታወቂያ ተውሼ ወደ ዩኒቨርሲቲው እገባለሁ። እሱ ቀይ ነው፤ እኔ ጠይም። የበሩ ጥበቃ ግን ፎቶውን አያይም፤ የሚያየው እንዴት እንደምትራመድ ነው። ከተቻኮልክ ይጠራሃል። የተጨማደደ ሃንድአውት በብብትህ ሸጉጠህ፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ዓይንህን ጠበብ አድርገህ ካለፍክ «እለፍ» ይልሃል። እዚያ ጥላ ሥር ካሉት የድንጋይ መቀመጫዎች አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ተማሪዎቹን አጠናቸው ነበር። ምን እንደሚማሩ አላውቅም፤ ማን እንደ ሆኑ ግን በጫማቸው እለያለሁ ብዬ አምን ነበር።

ሰቃዩ፣ ከሁሉ በላይ ውጤት የሚያመጣው፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆልፋል። ላይብረሪ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ደብተሩን አስቀምጦ ቦታ ይይዛል፤ የካልኩሌተሩን ክዳን አፉ ውስጥ ከትቶ ያኝካል። ፈታ ያለው ከላውንጁ በር አይርቅም፤ ፀጉሩ በጄል ተነሥቷል፣ ጠባቡ ጂንሱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልቋል፤ ሌክቸር የት ክፍል እንደሆነ የሚጠይቀው ሰቃዩን ነው። ነን ካፌዋ የግቢውን ምግብ አትበላም፣ ከበር ውጭ ካሉት ቤቶች ፍርፍር አዝዛ በስልኳ መስታወት ከንፈሯን ታያለች። የጉባኤው ልጅ ሰው ሲሳደብ አንገቱን ይደፋል፤ የፈተና ሰሞን ግን «ጸልይልን» የሚሉት ብዙ ናቸው። ጋዜጣ አንባቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራና፣ ሰው ሲጠጋ ስለ ኳስ ይቀጥላል። ፍሬሹ፣ የአንደኛ ዓመቱ ልጅ፣ ካርታ የጠፋው ይመስላል፤ የክፍለ አገሩ ልጅ ሁለት ሱሪ አለው፤ የአዲስ አበባው ልጅ ያን ሱሪ ቆጥሮበታል። ከአንድ ወር ላይብረሪ ይልቅ ከአንድ ቅዳሜ የድንጋይ መቀመጫ ብዙ አወቅሁ እል ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰውን አንዴ ዓይቶ የመጨረስ ችሎታ አለኝ ብዬ እኮራ ነበር።

«ማን ነገረህ ጠጪ ነው ብሎ?» የሰዒድ ድምፅ መለሰኝ። «እስቲ ይኼን ብቻ ንገረኝ። ከዶርሜ ልጆች አንዱ ነው?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«እና ከምን አመጣኸው?»

«ከፎቶህ።»

ጎንበስ ብሎ የራሱን ፎቶ አየ። እኔም አየሁት። ትከሻው የሰፋ የውሰት ኮት፤ ክራቫቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ ዓይኖቹ ቀልተው አብጠዋል።

«ዓይኔ ነው?»

«ዓይንህ።»

«የሲሚንቶ ብናኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል ሲሠራ ቅዳሜና እሑድ ተሸክሜ እሠራ ነበር። ፎቶ የተነሣሁት ከዚያ ወጥቼ ነው። ፊቴን ታጥቤያለሁ፤ ዓይኔ ግን አልለቀቀም።»

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱ ግቢ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እሱን መሰል ልጆች ሳጠና፣ እሱ ከእኔ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር ማለት ነው። ይኼን ሳስበው ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር። ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።

ብሩክ ያኔ ፎቶዎቹንና ቅጾቹን በሁለት ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፍ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች የላስት ወርድ ቦታቸውን ባዶ ትተውት ነበር። «ባዶ የሚባል ነገር እንዳላይ ብሮ!» አለኝ። «ባዶ ገጽ ባቹን ያሳፍራል። የሰውየውን ዓይነት አይተህ ሙላው። አንተ ታውቃቸው የለ!» ታውቃቸው የለ ባለኝ ቀን ራት አልበላሁም፤ ከደስታ። ከዲፓርትመንቱ ልጆች አንዱ፣ ባለ ሙሉ መታወቂያው፣ እኔን ስለ እነሱ አዋቂ አደረገኝ። አሥራ ዘጠኙን ፎቶዎች እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደለደልኳቸው። ሰቃይ፣ ሰቃይ፣ ፈታ ያለው፣ የጉባኤ ልጅ፣ ፋራ። አንዱ ቀይ ዓይን ላይ ስደርስ ብቻውን አስቀመጥኩት። የጠጪ ግጥም አስቀድሜ ጽፌ ነበር፤ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነበር፤ ሰው ብቻ ነው የጎደላት።

«ቆይ፣ ስማኝ» አልኩት ሰዒድን፤ ድምፄን የባለሱቅ ድምፅ አደረግሁት። «ጥፋት ከሆነ ይታረማል። በአዲሱ እትም አወጣዋለሁ። የፈለግኸውን ጻፍ፣ ያንተን አኖራለሁ። በነፃ።»

«አዲሱ እትም መቼ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

«አባቴ ነገ ጧት ነው ወደ ደሴ የሚሄደው» አለ። «አዲሱን ማን ያነብለታል?»

ከዚያ ነገረኝ። እየጮኸ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባንኮኒው ላይ ያለውን ስቴፕለር ወዲያና ወዲህ እየገፋ ነበር የሚያወራው። ባዶ የተወው ላስት ወርዱን የሚነግሩት አባቱ ስለነበሩ ነው። አባቱ መጻፍ አይችሉም። ለገበያ ከተማ ሲወጡ ከአንድ ሱቅ ስልክ ደውለው የሚሉትን እስኪነግሩት መጠበቅ ነበረበት። የገበያው ቀን ደረሰ፤ አባቱ ደወሉ፤ እሱ ቃል በቃል ጻፈና ወደ ጽሕፈት ቤቱ አመጣ። መጽሔቱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ተመራቂው ሻንጣውን ካሰረ በኋላ ደረሰ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። «አባቴ እጅ ላይ ይከፈት ብዬ ላስቲኩን ሳልቀደው ተሳፈርኩ» አለኝ።

አባቱ ለምረቃው በግ አርደው ጎረቤቱን ጠርተዋል። ከሁሉም ፊት ሐሰንና መንግሥቱ ተቀምጠዋል። ሰዒድ ትምህርት ከሄደ ጀምሮ በየዓመቱ የአባቱን እህል በደቦ ያጨዱት ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። አባቱ ለሁለቱም «ስማችሁ በመጽሐፍ ታትሟል፤ ዛሬ ይነበባል» ብለዋቸዋል። መንግሥቱ ለዚያ ብሎ አዲስ ጋቢ ለብሶ መጥቷል። የትምህርት ቤቱ መምህር ላስቲኩን ቀደደ፤ ገጹን ፈልጎ አገኘ፤ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። አነበበው፣ አረቄውን።

«ሰው ምን አለ?» አልኩት። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«ያልገባው ሰው ሳቀ። የገባው ዝም አለ። መንግሥቱ ‹የእኛስ?› ብሎ መምህሩን ጠየቀው። መምህሩ ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። አባቴ ተነሥቶ ወጣ።»

«ለአባትህ አልነገርካቸውም? እንደዚህ ሆነ ብለህ…»

«ነገርኩት። ‹ሰዎች ቀየሩብኝ› አልኩት። ‹የትኞቹ ሰዎች?› አለኝ። ስም አልነበረኝም። ጽሕፈት ቤት የሰጡትን ይተይባል እንጂ ከራሱ አይጽፍም፤ ከዶርሜ ልጆች አንዱ ወረቀቱን ለውጦት ይሆናል ብዬ ስድስት ጓደኞቼን ያን ክረምት ተጣላሁ። አባቴ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። በቃሉ አፍሬ፣ የገበሬ ንግግር ነው ብዬ፣ በቀልድ የቀየርኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። አይሰድበኝም። ሰላም ይለኛል። ስሄድ ይመርቀኛል። እጁን ግን አይሰጠኝም። አሁን የዓይን ሞራ ሊወጣለት መጥቶ አንድ ዓይኑ ታሽጓል፤ እኔ እያለሁ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው።» ስቴፕለሩን ለቀቀው። «አሁን ስም አለኝ። ሔኖክ። ና ንገረው። ሌላ ነገር አልፈልግም። የፈለግከውን አትም፣ ስምህን በወርቅ አጽፈው። ዛሬ ና፣ ልጅህ ሰጥቶኛል በለው።»

«ያልተቀበልኩትን…»

«ሔኖክ።»

ያን ሐሙስ አስታውሰዋለሁ። እንዴት እንደማስታውሰው ልናገር። ዝናብ ነበር፤ ቡና ቤቱ ስፒከሩን አስገብቷል። አንድ ቀጭን ልጅ ከበሩ ሥር ቆሞ ከጫማው ጭቃውን ጠረገ፤ ሌላው ሁሉ ሳይጠርግ ነው የሚገባው። ከደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አባቴ ያለውን ነው፤ እባክህ ምንም እንዳይጨመርበት» አለኝ። እሺ አልኩት። ሲወጣ አነበብኩት። አራት መስመር ነው። ቤት አይመታም። የሁለት የማላውቃቸው ገበሬዎች ስም አለበት። ሐሰንና መንግሥቱ ማን ናቸው? ማን ያውቃቸዋል? ኮምፒውተሩ ላይ በዚያ ገጽ የእኔ ግጥም ተቀምጣለች፣ ልክ ቦታዋ ላይ፣ ልክ ስፋቷ። ማንሣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠቋሚውን ግጥሟ ላይ አደረግሁ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ትናንት ስታነባት ከወንበሯ እስክትወድቅ ስቃ ነበር። ስሜ የትም አልታተመም፤ በሰው ስምም ቢሆን ቃሌ ይታተም አልኩ። ቅጠሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ሲፈርስ መሳቢያው ከነጠረጴዛው ለማገዶ ተሸጠ። ያ ቅጠል የት እንደ ነደደ አላውቅም፤ አራቱ መስመር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ አልወጡም። የራሴን ግጥሞች እረሳለሁ። እነዚያን ግን ፊደል ሳይጎድል ይዣቸዋለሁ።

«እሺ» አልኩት። «እመጣለሁ።» ሱቁን ቆለፍኩ።

ከኡራኤል ሰዒድ ወደሚኖርበት ካዛንቺስ በእግር አቀናን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ታክሲዎቹ ጡሩምባቸውን ይዘው ተጠላልፈዋል፤ ረዳቶቹ ዱሮ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» የሚሉበት ቦታ ላይ ሌላ ስም ይጠራሉ። ሰዒድ ከፊቴ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረ።

«ምን ልትለው ነው?»

«አላውቅም።»

«የባሰ እንዳታደርገው።»

በጎን በኩል የጠፋውን ሠፈር በዓይኔ እየተከልኩ ሄድኩ። እዚህ ጋ ፀጉር ቤቱ፤ እዚህ የሳምቡሳዋ ሴትዮ ምድጃ፤ እዚህ ጋ ያ ዘፈን የሚዞርበት በር። አሁን ግራና ቀኙ ለስላሳ ነው፣ ወንበር አለው፣ ወጣቶች ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ከተቀመጡት መሐል ሁለቱ ተማሪ ይመስላሉ፤ በልማዴ ጫማቸውን አየሁ፤ ወዲያው ዓይኔን መለስኩ። ብሩክ ቃሉን ከጠበቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሜ ይታተማል። አሁን ወደ ኋላ ብመለስ ሰዒድ ምን ማስረጃ አለው? ቢጫ ሹራብ? ሦስት ጊዜ ለመመለስ አሰብኩ። በሦስተኛው ላይ ደርሰን ነበር።

ቤቱ ገና ካልፈረሱት ጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። የሰዒድ ሚስትና ልጆች ቀድመው ወደ አዲሱ ቤት ሄደዋል። ሳሎኑ ውስጥ በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች፣ የተጠቀለለ ምንጣፍና አንድ ፍራሽ ብቻ ቀርተዋል። ሽማግሌው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጓል። መቁጠሪያ በጣቶቻቸው ያንከባልላሉ።

«ማነው?»

«እንግዳ ነው አባ። መጽሔቱን የሠራው።»

«የቱን መጽሔት?»

«ያንን።»

መቁጠሪያው ቆመ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ተቀመጥ አላሉኝም። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ መጀመሪያው ጠፋኝ።

«አባባ፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«የእርስዎን ቃል። ሰዒድ ጽፎ አምጥቶልኝ ነበር። ‹ምንም እንዳይጨመርበት› ብሎኛል። በእጄ ነው የተቀበልኩት።»

ሰዒድ ከበሩ አጠገብ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አላዞሩም። ያልታሸገው ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ዛሬ ከፍሎህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ።»

«ጓደኛው ነህ፤ አስታርቅ ብሎህ ነው።»

«አይደለሁም፤ ከዚያ ወዲህ ያየሁት ዛሬ ነው።»

«እንግዲያውስ ቃሌ ምን ነበር?»

ውጭ የሆነ ቦታ ቆርቆሮ እየነቀሉ ይጥላሉ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያን የደብተር ቅጠል በራሴ ውስጥ ዘርግቼ አነበብኩላቸው።

«ሰዒድ ከሄደ ወዲህ እህሌን ያጨዱልኝን ሐሰንን እና መንግሥቱን አላህ ይስጥልኝ። ክረምት ሲገባ ጫማ የሰጠውን መምህርም። እኔ ስሜን መጻፍ አልችልም። ልጄ የጻፈው ሁሉ የእኔም ስም ነው። እንድሪስ ዓሊ።»

ዓይኔን ስገልጥ የሽማግሌው አገጭ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሎቹን እየተከተሉ ሲሏቸው ነበር መሰለኝ።

«መንግሥቱ ሞቷል» አሉ። «ሲያጣጥር እንኳ ‹እንድሪስ፣ ሳታጽፈኝ ቀረህ› እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልዱን ነው። እኔ ግን አልሳቅሁለትም።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ከእኔ ቃል ምኑ አስቀየመህ?»

«ምንም አላስቀየመኝም።»

«እና?»

«የእኔ እንዲነበብ ፈልጌ ነው።»

«ተነበበልህ?»

«አዎ።»

«ሰው ወደደው?»

«አዎ አባባ። ወደደው።»

«እንግዲህ ምን ቀረህ» አሉ። ስድብም ምሕረትም አልነበረበትም፤ ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን የሚሰበስብ ሰው ድምፅ ነበር። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከሩቅ አዛን ተሰማ፤ ቆርቆሮ የሚጥሉትም ቆም አሉ።

«ሰዒድ።»

«አቤት አባ።»

«ዓስር ደርሷል። ጫማዬን።»

ሰዒድ ተንበርክኮ ጫማቸውን አደረገላቸው። ሲነሡ እንደ ልማዳቸው እጃቸው ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጎን ተዘረጋች። ሰዒድ ለአፍታ አያት፤ ምን እንደሆነች ያላወቃት ይመስል ነበር። ከዚያ ያዛት። በካርቶኖቹ መሐል ቀስ ብለው አለፉ፤ ሽማግሌው ደፉን በእግራቸው ፈልገው ተሻገሩ። አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።